የስልክ ማማ በማይደርስበት ቦታ የድረሱልኝ መልእክት በሳተላይት እንዴት ይላካል?

ኅዳር 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት በሰሜን አሜሪካ ጫፍ በምትገኘው በአላስካ ግዛት አንድ ሰው ኑርቪክ ከምትባል መንደር ተነሥቶ ኮትዘቡ ወደምትባል ከተማ በበረዶ ላይ ሞተር ሲጓዝ መንገድ ላይ ቀረ። ቦታው ሰው የማይኖርበት በረዷማ ሜዳ ነው። የስልክ ማማ የለም፤ በዚያ ቁር በእግር ለመመለስ መሞከርም ከሞት ጋር መጋፈጥ ነው። ሰውየው የያዘውን ስማርት ስልክ አውጥቶ ወደ ሰማይ አቅጣጫ ይዞ የድረሱልኝ መልእክት ላከ። መልእክቱ በሳተላይት አልፎ የስልኩ አምራች ኩባንያ ካቋቋመው የአደጋ ጊዜ ማዕከል ደረሰ። ማዕከሉም ለአካባቢው የፍለጋና የነፍስ አድን አስተባባሪ አስታወቀ። አራት በጎ ፈቃደኞች በተነገራቸው የቦታ ቁጥር እየተመሩ በቀጥታ ሄደው ሰውየውን ጉዳት ሳይደርስበት አገኙት።

ዜናው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ያደነቀው ሳተላይቱን ነበር። መደነቁም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ከሳተላይቱ እኩል ሊታሰብባቸው የሚገባቸው አራቱ ፈቃደኞች ናቸው። ሳተላይት ወድቆ የተሰበረን ሰው አያነሣም፤ ቃሬዛም አይሸከምም። መልእክቱን ተቀብሎ የሚነሣ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ከሰማይ የመጣው ቃል በአየር ላይ ይቀራል።

በአገራችን ገጠር ሰው ገደል ሲገባ፣ ሙላት ሲወስደው፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ወላድ በምጥ ስትጨነቅ የሚደረገው ይታወቃል። ከኮረብታ ላይ ይጮኻል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ ፈጣን ልጅ ወደ ወረዳ ይላካል። የእጅ ስልክ በየቀበሌው ከገባ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በቆላውና በሸለቆው ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት መውጣት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ገበሬዎች ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ምክር እንዲሰሙበት በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 መስመር እንኳ ማማ ካልደረሰበት ቦታ አይሰማም ነበር። ስለዚህ ያለ ማማ የሚሠራ ስልክ መጣ ሲባል የገጠሩ ሕዝብ ጆሮውን ቢያቆም አያስገርምም። ነገር ግን አሠራሩን ሳያውቁ ተስፋ መጣል አደጋ አለው።

ድምፁ ለምን ሩቅ አይሄድም?

የእጅ ስልክ ከማማ ጋር የሚነጋገር አነስተኛ ሬዲዮ ነው። የሚልክበት ኃይል ከአንድ የእጅ ባትሪ አምፖል ጋር የሚመሳሰል ስለሆነ ማማው በቅርብ መኖር አለበት። ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው የቆየ የስልክ ሥርዓት በተለመደው አሠራሩ ከማማው 35 ኪሎ ሜትር የራቀ ስልክ አያስተናግድም። ተራራ ከከለለው ደግሞ 3 ኪሎ ሜትርም ይበዛበታል። ወንዝ ዳር ያለው ቤት ኔትወርክ አጥቶ በማዶ ኮረብታ ላይ ያለው ሞልቶለት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በአላስካው ሰው ስልክና በምድር ላይ ባሉት ሰዎች መካከል የነበረው ሳተላይት ግን በ1,414 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞር ነበር። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአየር ካለው ርቀት ይበልጣል። ሳተላይቶቹ ግሎባልስታር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ንብረት ናቸው። በሰዓት ከ24,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዙ በ114 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራሉ። አንዱ ሳተላይት ከአድማስ ብቅ ብሎ ተመልሶ እስኪጠልቅ ያለው ጊዜ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይርቅም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ያን ደካማ ድምፅ መስማት፣ በገበያ መካከል ቆሞ ከማዶ ተራራ የሚጣራን ሰው ለይቶ እንደ መስማት ያለ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሰማል? አንደኛው ምክንያት በስልኩና በሳተላይቱ መካከል የሚከልል ነገር አለመኖሩ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በምድር ላይ ሲሄድ በዛፍ፣ በቤትና በተራራ ይዳከማል፤ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ግን አብዛኛው መንገዱ ባዶ ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩና ሳተላይቱ የሚነጋገሩበት የሞገድ መስመር ለሳተላይት አገልግሎት የተከለለ በመሆኑ የሌላ ሰው ጫጫታ አይበዛበትም። ሦስተኛው የባለስልኩ የራሱ ሥራ ነው። ቀድሞ የነበሩት የሳተላይት ስልኮች ክንድ የሚያህል ወፍራም አንቴና ነበራቸው። በስማርት ስልክ ላይ እንዲህ ያለ አንቴና ስለሌለ ስልኩ በመስተዋቱ ላይ ምልክት እያሳየ ባለቤቱን ይመራዋል፤ ወደ ግራ ዙር፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ አሁን ሳተላይቱን አገኘህ ይለዋል። ሳተላይቱ ስለሚሄድ ባለስልኩም እየተከተለ መዞር አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ለውጥ ያመጣው የመልእክቱ ትንሽነት ነው። በዚህ መስመር ንግግር አይተላለፍም፤ የሚያልፈው ጥቂት ፊደል ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ ይህን አገልግሎት ያሳወቀው ጳጉሜ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. አይፎን 14 የተባለውን ስልክ ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉን በአማካይ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚያጥፍ ዘዴ ማዘጋጀቱን ገልጾ ነበር። በተጨማሪም የተጨነቀ ሰው ረጅም ደብዳቤ እንዳይጽፍ ስልኩ ራሱ ይጠይቀዋል። የተሽከርካሪ ችግር ነው? ሕመም ወይም ጉዳት ነው? ወንጀል ነው? መንገድ ጠፍቶ ነው ወይስ መውጫ ጠፍቶ? እሳት ነው? ባለስልኩ መልሱን በጣቱ ይነካል። ከመልሱ ጋር ያለበት ቦታ፣ የቦታው ከፍታና በስልኩ ባትሪ ውስጥ የቀረው ኃይል አብሮ ይላካል።

ሰማዩ ገላጣ ከሆነ አንድ መልእክት ለመላክ 15 ሴኮንድ ሊበቃ ይችላል። ቅጠሉ ያልበዛ ዛፍ ካለ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ግድግዳው በቀረበ ገደል ሥር ወይም በቤት ውስጥ ሆኖ መላክ ላይቻል ይችላል። ይህን ማወቅ ዋጋ አለው። አደጋ የደረሰበት ሰው በደመ ነፍስ የሚሸሸገው ዛፍ ሥር ወይም ዋሻ ውስጥ ነው፤ መልእክቱ የሚሄደው ግን ከገላጣው ሜዳ ነው።

መልእክቱ የሚወርድበት ጣቢያ

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሳተላይት በራስ ላይ ካለፈ አገልግሎቱም አለ ብለው ያስባሉ። የግሎባልስታር ሳተላይት የሚሠራው እንደ መስተዋት ነው። የመጣለትን ሞገድ አጠናክሮ ወዲያው ወደ ምድር ይመልሰዋል እንጂ መልእክቱን አያነብም፣ ይዞም አያቆይም። ስለሆነም ስልኩንና የሚቀበለውን የምድር ጣቢያ በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። የምድር ጣቢያ ማለት ሱሉልታ ላይ እንዳሉት ያሉ ትልልቅ ሳህን መሰል አንቴናዎች የተተከሉበት ቦታ ነው። ሳተላይቱ ከሚያየው የምድር ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጣቢያ ከሌለ የተላከው ድምፅ የሚወርድበት አያገኝም።

ከምድር ጣቢያው ቀጥሎ ደግሞ ሰው አለ። መልእክቱ የሚደርሰው አካባቢ የአደጋ ጊዜ ጽሑፍ የሚቀበል ቢሮ ካለው በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ከሌለው የሠለጠኑ ሠራተኞች ወዳሉበት ማዕከል ይሄድና እነሱ በአደጋው ሰው ስም ለፖሊስ ወይም ለነፍስ አድን ሠራተኞች ስልክ ይደውላሉ። በአላስካ የሆነው ይኸው ነው። አገልግሎቱ በአሜሪካና በካናዳ ከተጀመረ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ነበር፤ የጀመረው ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ኑርቪክ ያለችበት ሰሜናዊ አካባቢም አገልግሎቱ ላይሠራ ይችላል ተብሎ ከተገለጸው ከ62ኛው የኬክሮስ መስመር በላይ ስለሆነ መልእክቱ መድረሱ ባለሙያዎችን ሳይቀር አስደንቋል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ባለው ተራራማ ደን ውስጥ ሁለት ሰዎች የያዘች መኪና ከመንገድ ወጥታ 90 ሜትር ያህል ወደ ሸለቆ ወረደች። ኔትወርክ አልነበረም። ስልኩ ግጭቱን በራሱ ዐውቆ ነበር፤ መልእክቱም በሳተላይት አለፈ። የማዕከሉ ሠራተኞች የቦታውን ቁጥር ለአካባቢው ፖሊስ ነገሩ፤ የነፍስ አድን ቡድን በሄሊኮፕተር ወርዶ ሁለቱንም አወጣቸው። የነፍስ አድኑ ቡድን በኋላ በተለይ ያነሣው ነገር የቦታው ቁጥር ትክክለኛነት ነበር። ፍለጋ የሚባለው ረጅሙ ሥራ ቀርቶ ወደ ቦታው መሄድ ብቻ ነው የቀረው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ከሰማይ የድረሱልኝ ድምፅ መስማት በስማርት ስልክ የተጀመረ አይደለም። በ1972 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና የያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ኮስፓስ ሳርሳት የተባለ የጋራ ሥርዓት ለማቋቋም ተስማሙ። ሁለቱ ኃያላን በሌላው ነገር ሁሉ ዐይንና ናጫ በነበሩበት ዘመን የጠፋ መርከበኛንና የወደቀ አውሮፕላንን ለመፈለግ ሳተላይቶቻቸውን ማስተባበራቸው ዛሬም የሚገርም ነው። የመጀመሪያዋ የሶቪየት ሳተላይት ኮስሞስ 1383 ሰኔ 23 ቀን 1974 ዓ.ም. ወደ ሕዋ ተተኮሰች። ጳጉሜ 5 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በምዕራብ ካናዳ ተራሮች የወደቀች ትንሽ አውሮፕላን ምልክት በዚህችው ሳተላይት ተሰምቶ ሦስት ሰዎች ከሞት ተረፉ።

ያን ጊዜ ቦታውን ያገኙበት ዘዴ ቀላል ይመስላል። ክላክስ እያሰማ የሚመጣ መኪና ድምፁ ሲቀርብ ቀጠን፣ ሲያልፍ ወፈር ይላል። የሳተላይቷም ጆሮ እንዲሁ ምልክቱ ሲቀጥንና ሲወፍር እየለካች ከየት እንደተነሣ ይሰላል። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ የሚሠራ ሲሆን ከ50,000 በላይ ሰዎች በርሱ አማካይነት ድነዋል። ሆኖም የሚላክበት መሣሪያ ለመርከብ፣ ለአውሮፕላንና ለተጓዥ የተሠራ ልዩ ዕቃ ነው። ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ሲወጣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ አይሄድም። ስልክ ግን ይይዛል። የአሁኑ ለውጥ ትልቅ የተባለው ሰው ሁሉ በኪሱ የሚይዘው ዕቃ ይህን ሥራ መሥራት በመጀመሩ ነው።

በዚህ ረገድ ሥራው የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። የቻይናው ሁዋዌ በዚያው በጳጉሜ 2014 ዓ.ም. በቤይዱ ሳተላይቶች አጭር ጽሑፍ የሚልክ ስልክ አውጥቷል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሳተላይት የሚያናግር ሌላ ስልክ አክሏል። ጉግል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ፒክስል 9 በተባለው ስልኩ የሚጠቀመው በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምድር ጋር እኩል በመዞራቸው ከቦታቸው የማይነቃነቁ በሚመስሉ ሳተላይቶች ነው።

ስፔስ ኤክስ የተከተለው መንገድ ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ማማውን ራሱን ሰማይ ላይ ሰቅሎታል ማለት ይቻላል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የላካቸው እነዚህ ሳተላይቶች 360 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዝቅ ያለ ከፍታ የሚዞሩ ሲሆን ትልቅ አንቴና ተሸክመው ለተራው ስልክ ራሳቸውን እንደ ማማ ያስመስላሉ። ስለዚህ በእጅ ያለው ስልክ ልዩ ዕቃ ሳይጨመርበት ሊጠቀምባቸው ይችላል። አገልግሎቱ በኒውዚላንድ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለጽሑፍ መልእክት ተከፈተ፤ በአሜሪካም ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። ለገጠር ሕዝብ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ መንገድ ይመስላል፤ ውድ ስልክ መግዛት አያስፈልግምና። ግን ሰማይ ላይ ያለው ማማ የሚናገረው በአገሩ የስልክ ድርጅት የሞገድ መስመር ስለሆነ የዚያ ድርጅት ስምምነትና የመንግሥት ፈቃድ ሳይኖር አይከፈትም።

በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ጊዜ

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሄሊን የተባለው ከባድ ማዕበል አሜሪካን መታ። መስከረም 17 ቀን በሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች ጎርፍና የመሬት መንሸራተት መንገዶችን ቆረጠ፣ ድልድዮችን ወሰደ። የመብራትና የስልክ መስመር በመበጠሱም ማማዎቹ ድምፃቸው ጠፋ። በማዕበሉ በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አፕል ከአደጋ ጥሪ ሌላ ተራ የጽሑፍ መልእክትም በሳተላይት እንዲላክ የሚያስችል የስልክ ሥርዓት ያወጣው ከማዕበሉ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በፊት ነበር። ሥርዓቱን ቀድመው የጫኑ ሰዎች ለዘመዶቻቸው በሕይወት አለን ብለው ጻፉ። ያልጫኑት ግን ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ኢንተርኔቱም ጠፍቷል። ዕቃው በእጅ እያለ ሳይዘጋጁ መቅረት እንዲህ ይጎዳል።

ይህን የሰማ ሰው በጎፋ ዞን የሆነውን ሳያስታውስ አይቀርም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከባድ ዝናብን ተከትሎ መሬት ተንሸራትቶ ሰዎችን ቀበረ። ጩኸቱን ሰምተው ሊያወጧቸው የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሥራ ላይ ሳሉ መሬቱ ሁለተኛ ጊዜ ወርዶ እነርሱንም ቀበራቸው። ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። የሳተላይት ስልክ ቢኖር ኖሮ እነዚህ ሰዎች ይድኑ ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። የተንሸራተተን መሬት ስልክ አያቆመውም። ነገር ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ረዳት ምን ጊዜም ጎረቤት መሆኑን፣ እሱም ከላይ ምን እንዳለ የሚነግረው ሰው እንደሚያስፈልገው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ለመሆኑ ይህ አገልግሎት በአገራችን አለን? አፕል አገልግሎቱን የከፈተባቸው አገሮች ዝርዝር በ2017 ዓ.ም. ሰሜን አሜሪካን፣ በርካታ የአውሮፓ አገሮችን፣ አውስትራሊያን፣ ኒውዚላንድንና ጃፓንን ያካተተ ነበር። ከአፍሪካ አንድም አገር አልነበረበትም። ይህ በተለይ ሊነገር ይገባል፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ አገር ዘመድ የላከው ስልክ በየቀበሌው እየታየ ነውና። ስልኩ አይፎን 14 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ቢሆን እንኳ በመስተዋቱ ላይ ያለው የሳተላይት ምልክት አገልግሎቱ ባልተከፈተበት አገር ሰው አይጠራም። በዋናው ቻይና፣ በሆንግ ኮንግና በማካው የተሸጡት አይፎኖችማ አገልግሎቱ ባለበት አገርም ቢሆኑ ለዚህ አይሠሩም። እንዲህ ያለውን ስልክ ተማምኖ ልጅን ብቻውን ወደ በረሃ መላክ ስሕተት ነው።

አንዳንዶች ደግሞ አገራችን የራሷ ሳተላይት ነበራት አይደለም ወይ ይላሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መሬትን፣ ሰብልንና ውኃን ከላይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሠራች ነበረች። የስልክ መልእክት የመቀበል ሥራ አልተሰጣትም።

ከዛሬ ጀምሮ በተራው ስማርት ስልክ ሊደረግ የሚችለው

ሳተላይት ሙሉ በሙሉ ከእጃችን የራቀ ግን አይደለም። በየሱቁ የሚሸጠው ተራ ስማርት ስልክ ሁሉ ጂፒኤስ የሚባለውን የሳተላይት ምልክት ይሰማል። መስማትና መናገር ግን የተለያዩ ናቸው። ስልኩ ከሳተላይቶቹ የሚመጣውን ምልክት ሰምቶ የት እንዳለ ለራሱ ያሰላል እንጂ ሳተላይቶቹ ባለስልኩ የት እንዳለ አያውቁም። ለዚህ ኔትወርክም ሆነ የስልክ ካርድ አያስፈልግም። ማማ በሌለበት በረሃ መካከል ስልኩ የቆመበትን ቦታ በሁለት ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ለምሳሌ በጉግል ካርታ ላይ ቦታውን በጣት ተጭኖ በማቆየት ቁጥሮቹ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ቁጥር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ያለውን ይናገራል። የኢትዮጵያ ምድር በመጀመሪያው ቁጥር ከ3 እስከ 15፣ በሁለተኛው ከ33 እስከ 48 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው ቁጥር ምን ጊዜም ከሁለተኛው ያንሳል። 11.5936 እና 37.3908 የሚሉት ቁጥሮች ባሕር ዳር ከተማ ላይ ያርፋሉ። ተቀባዩ ገልብጦ ቢጽፋቸው ግን አምቡላንሱ በቱኒዚያና በሲሲሊ ደሴት መካከል ወዳለው ባሕር ታዘዘ ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኀዝ ብቻ ከተጻፈ ስሕተቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ አራት አኀዝ ከተጻፈ ወደ 11 ሜትር ይወርዳል። ስለሆነም አራቱንም መጻፍ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ከቦታ ስም ጋር አብረው መሄድ አለባቸው። የወረዳው ሾፌር ቁጥሩን በስልኩ ካርታ ላይ አስገብቶ አቅጣጫውን ያገኛል፤ የመጨረሻውን ገደልና የወንዙን መሻገሪያ ግን የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። መኪና እስከምን ድረስ እንደሚገባና ከዚያ በኋላ ቃሬዛ ይዞ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ቀድሞ ቢነገር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለንግግር የማይበቃ ደካማ ኔትወርክ አንዳንዴ ለአጭር ጽሑፍ ይበቃል። በመሆኑም በአደጋ ቦታ ያለው ሰው ደጋግሞ ከመደወል ይልቅ ቦታውን፣ የሆነውንና የተጎዱትን ቁጥር በጽሑፍ አድርጎ ኔትወርክ ወዳለበት ሰው ቢልክ ይሻላል። ያ ሰው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 ደውሎ ያነብላቸዋል። በአሜሪካ በሠለጠኑ ሠራተኞች የሚሠራው የማስተላለፍ ሥራ በቀበሌ ደረጃ ሲታይ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ እዚያ ሌሊትም ቀንም ተራ የሚጠብቅ ሰው መመደቡ ነው።

በቀበሌው ውስጥ ይህን ተራ ማን ይያዝ የሚለው በማኅበሩ ስብሰባ ሊነሣ የሚችል ጉዳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ኔትወርክ ካለው እሷ ትሆን ይሆናል፤ አለዚያም ወፍጮ ቤቱ ወይም ትምህርት ቤቱ። የትምህርት ቤቱ፣ የጤና ኬላው፣ የወንዝ መሻገሪያዎቹና ክረምት በገባ ቁጥር የሚሰነጠቁት ዳገቶች ቁጥር አንድ ጊዜ ተለክቶ ወረቀት ላይ ቢጻፍና አንድ ቅጂ በወረዳው ቢቀመጥ ባለስማርት ስልክ የሆነ አንድ ወጣት በሁለት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። በየሰፈሩ ያለውን ኔትወርክ የሚገኝበትን ቦታም አብሮ መመዝገብ ይቻላል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል።

ከዚህ አልፎ በማንኛውም ቦታ የሚሠራ ነገር ለሚፈልጉ ኢሪዲየም የተባሉት 66 ሳተላይቶች አሉ። በ780 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት እነዚህ ሳተላይቶች እርስ በርሳቸው ስለሚቀባበሉ በአቅራቢያ የምድር ጣቢያ መኖር አያስፈልጋቸውም፤ ዋልታዎችን ጨምሮ መላውን ምድር ይሸፍናሉ። ከነሱ ጋር የሚሠሩ፣ መዳፍ የሚያህሉና የአደጋ ቁልፍ ያላቸው መልእክት መላኪያዎች ይሸጣሉ። ዋጋቸው ግን ለአንድ ገበሬ ቤት የሚቻል አይደለም፤ በየወሩም ይከፈልባቸዋል። የሳተላይት ስልክና መልእክት መላኪያ ወደ አገር ለማስገባትና ለመጠቀምም አስቀድሞ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ ልላክላችሁ ቢል ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ጥያቄው በወረዳው በኩል ይቅረብ።